ሁሉም ኤአይ አስገባ፣ እኛስ መቼ ነው?

ዛሬ ብዙ ድርጅት ሰው ሠራሽ አስተውሎትን (ኤአይን) የሚገዛው ተፎካካሪው ስለገዛ ነው። የትኛውን ችግር እንደሚፈታለት የጠየቀ ጥቂት ነው። ውሳኔው የሰው እንጀራ ስለሚነካ፣ ከጀርባው ያሉትን የተሳሳቱ አመለካከቶች እንያቸው።

«ኤአይ ከገባ ሠራተኛ አያስፈልግም»

የስዊድኑ የክፍያ ኩባንያ ክላርና እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ አንድ ትልቅ ነገር አወጀ። የኤአይ ረዳቱ በአንድ ወር 2.3 ሚሊዮን የደንበኛ ውይይቶችን አስተናግዷል፤ የ700 ሠራተኞችን ሥራ ሠርቷል አለ። ወሬው በዓለም ናኘ። በ2025 ግን ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሴባስቲያን ሲሚያትኮቭስኪ ወጪ ቅነሳ ላይ ከመጠን በላይ ማተኮራቸው ጥራቱን እንደጎዳው ተናገሩ። ኩባንያው ለደንበኛ አገልግሎት እንደገና ሰው መፈለግ ጀመረ።

ክላርና ኤአዩን አልጣለውም። ስህተቱ የነበረው መለኪያው ላይ ይመስለኛል። ስንት ሰው እንደተስተናገደ መቁጠር ቀላል ነው። ደንበኛው ችግሩ ተፈቶለት ይሂድ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይተወው ግን ከዚያ ቁጥር አይታወቅም። ገንዘቡ የጠፋበት ሰው ደግሞ የሚሰማው ሰው ይፈልጋል፤ ይህም መብቱ ነው።

«ማሽኑ ቢሳሳት ተጠያቂው ማሽኑ ነው»

ኤር ካናዳ ይህን ተከራክሮ ተረትቷል። ቻትቦቱ፣ ማለትም ለደንበኛ በጽሑፍ የሚመልሰው ፕሮግራም፣ ለአንድ ሐዘንተኛ መንገደኛ ዘመድ ለሞተበት የሚሰጠውን የትኬት ቅናሽ ከጉዞው በኋላ መጠየቅ እንደሚችል ነገረው። የአየር መንገዱ ደንብ ግን ይህን አይፈቅድም ነበር። አየር መንገዱ ቻትቦቱ ራሱን የቻለ አካል ነው ለማለት ሞከረ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛት የፍትሐ ብሔር ክርክር የሚያይ ችሎት በ2024 አልተቀበለውም፤ ከ800 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው። በድርጅቱ ስም የተነገረ ቃል ድርጅቱን እንደሚያስጠይቀው ግን በግልጽ ታየ።

«ትልልቆቹ ከገቡበት ያዋጣል»

የፈጣን ምግብ ኩባንያው ማክዶናልድስ ከቴክኖሎጂ ኩባንያው አይቢኤም ጋር ሆኖ፣ በአሜሪካ ከ100 በላይ ቅርንጫፎቹ ደንበኞች መኪናቸው ውስጥ ሆነው የሚሰጡትን የምግብ ትዕዛዝ በኤአይ ሲቀበል ቆይቶ በ2024 አቋረጠው። እሱ ሞክሮ መተው ይችላል። ትንሽ ድርጅት ያን ያህል አቅም የለውም።

«እንግሊዝኛ ላይ ከሠራ አማርኛም ላይ ይሠራል»

የኤአይ ሞዴሎች የሠለጠኑበት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲወዳደር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሻጩ ባዘጋጀው ማሳያ ብቻ አትፈርሙ። ደንበኞቻችሁ የላኩላችሁን መልእክት ስምና ስልካቸውን አጥፍታችሁ፣ ኤአዩ ፊታችሁ እንዲመልሰው አድርጉ። በላቲን ፊደል የተጻፈው አማርኛ፣ እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትና በንዴት የተጻፈው ሁሉ ይካተት።