ሁሉን አቀፍ ልየታ ምንድን ነው?

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች «ጊፍትድ» የሚባል ፕሮግራም አለ። ልዩ ተሰጥኦ አላቸው የተባሉ ልጆች ከፍ ያለ ትምህርት የሚያገኙበት ነው። ችግሩ ጥቁርና ሂስፓኒክ (የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው) ተማሪዎች በሞሉበት ወረዳ እንኳ ወደዚያ ክፍል የሚገቡት በአብዛኛው ሌሎች መሆናቸው ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ድህነትን ይጠራል። ድህነት ድርሻ አለው፣ አይካድም። ግን ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ ልጁ ለፈተናው የሚቀርበው እንዴት ነው?

በብዙ ቦታ የሚቀርበው ሰው ሲጠቁመው ነው። ወይ መምህሯ «ይህ ልጅ ይፈተን» ትላለች፣ ወይ ወላጅ ይጠይቃል። መምህር ደግሞ ዓይኗ የሚያርፈው እንግሊዝኛው በተስተካከለ፣ እጁን ቶሎ በሚያወጣ፣ ሥርዓት ባለው ልጅ ላይ ነው። ገና ቋንቋ እየለመደ ያለ፣ ሒሳቡን በዝምታ ሠርቶ የሚጨርስ ልጅ ማን ያየዋል? ገንዘብ ያለው ወላጅ ደግሞ ትምህርት ቤቱን አይጠብቅም። ከፍሎ በግል ሳይኮሎጂስት ያስፈትናል።

ሁሉን አቀፍ ልየታ ይህን ጥቆማ የሚተካ አሠራር ነው። በአንድ የክፍል ደረጃ ያለ ተማሪ በሙሉ፣ ማንም ሳይጠቁመው፣ በትምህርት ሰዓት አጭር ፈተና ይወስዳል። ጥሩ ነጥብ ያመጣ በሳይኮሎጂስት ወደሚሰጠው ሙሉ የአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ) ፈተና ያልፋል።

ይህ አሠራር ምን እንደሚያመጣ በደንብ የታየው ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ብሮዋርድ ካውንቲ ነው። ወረዳው በ2005 (እ.ኤ.አ.) የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን በሙሉ መፈተን ጀመረ። ፈተናው ንባብ አይጠይቅም፤ በቅርጾችና በሥዕሎች የተሠራ ነው። ውጤቱን ዴቪድ ካርድ እና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች አጠኑት። ካርድ በኋላ፣ በ2021፣ በሌላ ሥራው ኖቤል ያገኘው ሰው ነው።

ከመቶ የሂስፓኒክ ልጆች ጊፍትድ የሚባሉት 2 የነበሩት ወደ 6 ወጡ። ከመቶ ጥቁር ልጆች ደግሞ ከ1 ወደ 3 ደረሱ። የነጮችም ጨምሯል፣ ከ6 ወደ 8። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ የማለፊያው መስፈርት አልተቀነሰም። ለድሃ ቤተሰብ ልጆችና እንግሊዝኛ ገና ለሚለምዱ ተማሪዎች ዝቅ ያለ ነጥብ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከልየታው በፊት የነበረ ነው። ልጆቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነበር፣ የሚፈትናቸው አልነበረም እንጂ። «ጥራት ይወርዳል» ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

ነገሩ ግን ገንዘብ ይፈልጋል። አጭሩን ፈተና ያለፉት ሲበዙ የትምህርት ቤት ሳይኮሎጂስቶች ሥራ ተከመረባቸው። በ2010 በኢኮኖሚ ቀውሱ ምክንያት በጀት ሲቆረጥ ልየታው ቆመ። በነጮችና በሌሎቹ ልጆች መካከል የነበረው ልዩነትም ወዲያው ወደነበረበት ተመለሰ።

ደግሞ ፈተናው አንድ ዓይነት መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ኒውዮርክ ከ2008 ጀምሮ ለዓመታት በከተማው በሙሉ አንድ ፈተና ነበራት፤ ለአራት ዓመት ሕፃናት! ግን ልጁን የሚያስመዘግበው ወላጅ ነበር። ያወቀ አስመዘገበ፣ ያለው ከፍሎ አስጠና። ያላወቀው ቀረ።

ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ ወይም ሌላ ግዛት ልጅ ለምታሳድጉ ኢትዮጵያውያን ይህ ነገር ቀጥታ ይመለከታችኋል። ብዙዎቻችን መምህር ካልጠራን ትምህርት ቤት አንሄድም፤ መጠየቅ ድፍረት ይመስለናል። እዚያ ግን ያልጠየቀ ወላጅ ልጅ ሊታለፍ ይችላል። በብዙ ወረዳዎች ወላጅ ራሱ «ልጄ ይፈተንልኝ» ብሎ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ፈተናው በስንተኛ ክፍል እንደሚሰጥ፣ ለሁሉም ይሁን በጥቆማ፣ ንባብ ይጠይቅ እንደሆነም ጠይቁ። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለባቸው።