«ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው»

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሐምሌ 19 የቅዱስ ቂርቆስንና የእናቱን የቅድስት ኢየሉጣን በዓል አክብረን ውለናል። የሦስት ዓመቱ ሕፃን በመኰንኑ በእለእስክንድሮስ ፊት ሲመሰክር፣ እናቱ የሚፈላውን ጋን አይታ ስትፈራ ሲያጸናት፣ ቅዱስ ገብርኤልም እሳቱን ሲያበርድላቸው ሰምተን እልል አልን። የሦስት ዓመት ሕፃን ቃል እንዲህ የምናከብር ሰዎች፣ የሰባት ዓመት ልጃችን «እማዬ፣ አጎቴ እንዲህ አደረገኝ» ስትል «ልጅ ምን ታውቃለች» ማለትን ከማን ተማርን?

ሰሞኑን ከልቤ ያልወጣው ቃል 2ኛ ሳሙኤል 13፥20 ነው። አምኖን ታምሜያለሁ ብሎ እኅቱን ትዕማርን አታለላት፣ በግድ አስነወራት፣ አስወጥቶም በሩን አስዘጋባት። እርስዋ አልሸሸገችም። አመድ ነስንሳ፣ ልብሷን ቀድዳ፣ እየጮኸች ሄደች። ጩኸቷን ያስቆመው ማን ነው? አምኖን አይደለም፤ የሚወዳት ወንድሟ አቤሴሎም ነው። «አሁን ግን ዝም በዪ፤ ወንድምሽ ነው» አላት። አባቷ ዳዊትም ሰምቶ እጅግ ተቈጣ ይላል። ተቈጣ፤ አምኖንን እንደ ቀጣው ግን አልተጻፈም። ትዕማርም በወንድሟ ቤት «ብቻዋን ተቀመጠች»። ሰው በሞላበት ቤት ብቻዋን! ዝምታውም ሰላም አላመጣም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አምኖን በበግ ሸላቾች ግብዣ ላይ ተገደለ።

ወገኖቼ፣ ይህ የእኛው ሽምግልና ነው። ሕፃን ትደፈራለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይቆረጣል፣ «የቤተሰቡ ስም እንዳይጠፋ» ይባላል። ከሽማግሌዎቹም መካከል ነጠላ አጣፍተን የምናስቀድስ አለንበት። ከዚያ ልጅቷን «ይቅር በይ፣ ጌታ ይቅር በሉ ብሏል» እንላታለን። የጌታን ቃል ለአምኖን መሸሸጊያ አደረግነው! በደለኛው ንስሐ ገብቷል ከተባለ ዘኬዎስን ይመልከት። ዘኬዎስ ቆሞ አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ የበደልኳቸውን ዝም አሰኙልኝ አላለም። የንስሐ አባት ቀኖና ፍርድ ቤትን አይተካም። ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች የሆነችን ሕፃን የደፈረ ሰው በወንጀል ሕጋችን ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል፤ ይህን የሚያስቀር ሽማግሌ የለም። ወንዶች ልጆችም ይደፈራሉ፤ «ወንድ ነው፣ ይረሳዋል» አትበሉ።

ልጅ ሲነግራችሁ እመኑት፤ ደጋግማችሁ አትመርምሩት። ገላውን አታጥቡ፣ ልብሱን ሳታጥቡ በወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ። ጠበል ይደርሳል፤ ቅድሚያ ሐኪም ቤት! ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። አዲስ አበባ ላላችሁ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የምክር አገልግሎቱንና የሕግ ድጋፉን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ሌላ ቦታ ያላችሁ ቅርባችሁ ወዳለው ሆስፒታልና ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።

ይህን የምታነቢ ልጄ፣ ትዕማርም «ነውሬን ወዴት እሸከማለሁ?» ብላ ነበር። ነውሩ ያንቺ አይደለም። በዚያው ንግግሯ ምናምንቴ የተባለው እርሱ ነው። ለእናትሽ ነግረሽ ካልሰማችሽ ለመምህርትሽ ንገሪ፤ እርስዋም ካልሰማችሽ ለሌላ ሰው። አንተም ልጄ፣ እንዲሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።