«ቀዝቃዛ ኮከብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ባሕር ዳር ላይ ኮከብ ለማየት በምንሰባሰብበት ቡድን ይህ ጥያቄ ተመላልሶ ይነሳል፦ ኮከብ እንዴት ቀዝቃዛ ይሆናል? ቀዝቃዛ የሚባለው ከሌሎች ከዋክብት ጋር ሲነጻጸር ነው። የፀሐይ ገጽ ወደ 5,500 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ሚራ የተባለችው ግዙፍ ኮከብ ግን ከ3,000 በታች ናት።

ጣና ዳር ዓሣ የሚጠበስበትን ከሰል አስቡ። ፍሙ አመድ ለብሶ ደብዝዟል፤ እጃችሁን ስታስጠጉ ግን ይለበልባችኋል። ያ ዓይን የማያየው ሙቀት ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። እነሚራም አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚረጩት በዚሁ ጨረር ነው።

ጨረሩ እንደ ቀስተ ደመና ሲዘረጋ በኮከቧ ዙሪያ ያሉ ጋዞች ብርሃኑን የዋጡባቸው ጥቁር ሰረዞች ይታያሉ። በ2.3 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ ያሉት የካርቦን ሞኖክሳይድ ናቸው፤ አዎ፣ በተዘጋ ቤት ከሰል ሲነድ ሰው የሚገድለው ጋዝ! የውሃ እንፋሎትም አለ።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። የሚለዋወጠው የሚራ ድምቀት ነው። ሚራ በ332 ቀናት ገደማ አንዴ ደምቃ ትፈዛለች፤ የድምቀቷ ጣሪያ ግን በየዙሩ ይለያያል፤ የውሃው ሰረዝም ይወፍራል፣ ይቀጥናል። ስትፈዝ ከዓይን የምትሰወረው በከፊል በዙሪያዋ ያለ ታይታኒየም ኦክሳይድ የተባለ ውህድ የሚታየውን ብርሃን ስለሚውጠው ነው፤ በኢንፍራሬድ ለውጧ እጅግ ያነሰ ነው።