ጅንባርን ሽቅብ፦ ከሳንቃ በር እስከ ግጭ የአንድ ቀን የእግር መንገድ

ከጎንደር ከተማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ደጅ ናት። ከዚያ ተነስቶ በሳንቃ በር፣ በግጭና በጨነቅ አድርጎ፣ የቧሂትን ተራራ ተሻግሮ ራስ ደጀን የሚያደርሰው የእግር መንገድ እንደ ተጓዡ ጉልበት አንድ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጃል። ብዙ ሰው ስለ ራስ ደጀን ጫፍ ያወራል፤ ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነ፣ የአገራችን ከፍተኛው ቦታ ነውና አይፈረድበትም። ለእኔ ግን የመንገዱ ልብ ከሳንቃ በር ወደ ግጭ የሚኬድበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ጅንባር የሚባለው ወንዝ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይታያል፤ ጠዋት ገደል ሲገባ፣ እኩለ ቀን ላይ በድንጋይ መሐል ሲፈስ፣ ማታ ደግሞ ከሣር ሥር ሲመነጭ።

መንገዱን ለመጀመር ደባርቅ በሚገኘው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የመግቢያ ይከፈላል። መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ማለትም የፓርክ ጠባቂ፣ አብሮ መሄዱ ግዴታ ነው። አስጎብኚ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂም እዚያው ይገኛሉ፤ ሁሉም የአካባቢው ሰዎች ስለሆኑ ከዚህ ሥራ የሚያድር ቤተሰብ ብዙ ነው። በቅሎ ነጂዎቹ ጭነቱን ጠፍረው በአቋራጭ ይቀድማሉ፤ ተጓዡ ካምፕ ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሎ ይጠብቀዋል።

ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ያለ ካምፕ ሲሆን፣ ስሙ እንደሚለው በር ነው፤ በግራና በቀኝ ገደል ያለበት ጠባብ ተረተር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የተነሣ ሰው አስታ በሚባለው ዛፍ ጥላ ሥር ይጓዛል። ከቅርንጫፉ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲነካው ይወዛወዛል። ከሥሩ ጦስኝ ስላለ እግር በረገጠ ቁጥር ሽታው ይነሣል፤ ቀጋውና ቢጫ አበባ ያለው አሜጃም በመንገዱ ዳር ናቸው። ጭላዳዎች በዚህ ሰዓት ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሆኖ እንደ ከብት ሣር ለቃሚ ነው፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የትም አይኖርም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ወንዱ ጋማውን አንጨፍርሮ ሲያልፍ ሰው ቢኖርም አይደነግጥም። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው የጣታቸው ፍጥነት ቅርብ ሆኖ ይታያል፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣሩን አንድ በአንድ እየነቀሉ መዳፍ ሲሞላ ወደ አፍ።

ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ከተኬደ በኋላ ከዋናው መንገድ ወደ አፋፉ የምትገነጠል ቀጭን የእግር መንገድ አለች። መጨረሻዋ ወደ ገደሉ የወጣ የቋጥኝ ምላስ ነው። ሁለቱም ጎኑ ባዶ ስለሆነ ስካውቶች ሰውን አንድ በአንድ ነው የሚያሳልፉት፤ ነፋስ ካለ ቁጭ ብሎ ማየት ይሻላል። ከፊት ለፊት፣ ከጥልቁ ማዶ፣ ጅንባር ከአምባው ጠርዝ ይወረወራል። ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ይገመታል። ከዚህ ርቀት ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፤ ነፋሱ ሲዞር ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ውሃው ግማሽ መንገድ ላይ እንደ ዱቄት ይበተንና፣ ከታች ጨለማ ውስጥ እንደገና ተሰብስቦ ወደ ቆላው ይወርዳል። የስሜን ውሃ መዳረሻው ተከዜ ነው።

ገደሉን የሠራው እሳትና ውሃ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ሆድ የወጣ የቀለጠ ዐለት እየተደራረበ ስሜንን ቆለለው። ጠንካራው ንብርብር ሳይበላ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ለስላሳውን ዝናብና ወንዝ ሸረሸረው። ከአፋፉ ላይ ሆኖ ማዶውን ያየ ሰው ንብርብሮቹን እንደ እንጀራ መሶብ እርከን ሊቆጥራቸው ይችላል።

የፏፏቴው ጉልበት እንደ ወራቱ ነው። ክረምት ላይ ሞልቶ ያገሣል፤ ግን ጉሙ ይሸፍነዋል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። መስከረምና ጥቅምት ምርጡ ጊዜ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ውሃው ገና አልጎደለም፣ አደይ አበባም ሜዳውን አልብሶታል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የሚመጣ ሰው ክር የሚያህል ውሃ ሊያገኝ ይችላል። በየትኛውም ወር ከቀትር በፊት መድረስ ይበጃል፤ ከሰዓት በኋላ ከቆላው የሚነሣው ደመና ጥልቁን ይሞላዋል።

ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከላይ ያን ያህል ያስፈራው ጅንባር እዚህ ሲገኝ ሰው ደንግጦ ይቆማል፤ በበጋ ጉልበት የማይደርስ፣ በድንጋይ ላይ ተረግጦ የሚሻገሩት ወንዝ ነው። ጫማ ወልቆ፣ ቆሎ ወይም በሶ ወጥቶ የሚታረፈው እዚሁ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ እግር የነከረ ሰው እስከ ዐሥር ሳይቆጥር ያወጣል። ቁራዎች፣ እነዚያ ምንቃራቸው ወፍራም፣ ማጅራታቸው ነጭ የሆኑት፣ ፍርፋሪ ሲጠብቁ ዙሪያውን ይዘላሉ።

ከወንዙ ማዶ ያለው አቀበት የቀኑ ከባድ ክፍል ነው። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥራል፤ ከቆላ አካባቢ በቀጥታ የመጣ ሰው ራሱን ሊያመው ይችላል። ዝግ ብሎ መሄድና ውሃ መጠጣት ነው መድኃኒቱ፤ ከባሰ መውረድ እንጂ መግፋት አይገባም።

አቀበቱ ሲያልቅ የግጭ መንደር ቦታ ይገኛል። ለብዙ ዘመን አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ገበሬዎች እዚህ ገብስ ይዘሩ፣ ከብት ያረቡ ነበር። ፓርኩ በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ በኋላ፣ የሰው ሰፈራና ግጦሽ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን እያሰጋ መጣ፤ በ1996 ቅርሱ አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ተመዘገበ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ400 በላይ የግጭ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ይህን ቀለል አድርጎ መናገር አይገባም። ሣሩ ማገገሙ እውነት ነው። አያቶቹ የተቀበሩበትን አምባ ትቶ ከተማ ዳር ኑሮን ከዜሮ የጀመረ ገበሬ መኖሩም እውነት ነው። በመንደሩ ቦታ የሚያልፍ መንገደኛ የድሮውን የገብስ እርከን ሲረግጥ ሁለቱንም ቢያስብ ይገባል።

የሣሩ ነገር የውሃውም ነገር ነው። ከመንደሩ በላይ፣ 3,600 ሜትር ላይ ወዳለው የግጭ ካምፕ ሲቀረብ ምድሩን ጓሳ ይሸፍነዋል። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር ነው፤ ትልቁ ሥራው ግን ከሥር ነው፤ ክረምቱን ጠጥቶ ይይዝና በበጋ ቀስ እያለ ይለቅቃል። በመካከሉ ጅብራ ብቻውን ይቆማል፤ ብዙ ዓመት ኖሮ አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል። በ2019 እ.ኤ.አ. የተነሣው ቃጠሎ በዚህ አካባቢ ብዙ ጓሳና አስታ አወደመ፤ የደባርቅና የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ተረባርቦበታል፣ ከእስራኤልም የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው ነበር። ሣሩ የሚይዘው ውሃ ወደ ጅንባር የሚሄድ ስለሆነ፣ ያ እሳት ከአምባው አልፎ የወንዙም ጉዳት ነበር።

ጠቅላላው መንገድ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ካምፕ የደረሰ ሰው ጉልበት ከተረፈው ቀስ ብሎ ወደ አፋፉ ወጥቶ ጀምበር ስትጠልቅ ማየት ይችላል፤ በማግስቱ 3,926 ሜትር ወዳለው እሜት ጎጎ፣ ከዚያም ዋልያ ወደሚታይበት ጨነቅ ይቀጥላል። አብሳዩ ለሻይ ውሃ ሊቀዳ ጆግ ይዞ ሲወርድ ግን ተከትሎት መሄድ ጥሩ ነው። ጓሳውን በእጁ ገለጥ ያደርጋል፤ ከሥሩ ስንዝር የማይሞላ ውሃ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳንቃ በር በኩል ይንሸራተታል።