በሙቀት የሚታደስ የአየር ማድረቂያ ምንድን ነው?

ኮምፕረሰር አየር ሲያምቅ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበትም አብሮ ይታመቃል። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ 1 ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል የውሃ ተን ሊይዝ ይችላል። አየሩ ታምቆ ሲቀዘቅዝ ግን ቦታ ስለሚጠበው ብዙው ተን ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ይህን ውሃ ማስወገድ አይከብድም። አስቸጋሪው አየሩ ውስጥ የሚቀረው ተን ነው። ቱቦው ትንሽ በቀዘቀዘ ቁጥር እንደገና ውሃ ይሆናል፤ ቧንቧ ያዝጋል፣ ቫልቭ ያበላሻል።

በማቀዝቀዝ የሚሠራ ማድረቂያ (ድራየር) የጤዛ ነጥቡን፣ ማለትም ተኑ ውሃ መሆን የሚጀምርበትን የሙቀት መጠን፣ ወደ 3 ዲግሪ ገደማ ያወርደዋል። ከዚያ ብዙ ዝቅ አድርጌ ላቀዝቅዝ ካለ ውሃው በረዶ ሠርቶ መተላለፊያውን ይዘጋል። እንደ መድኃኒት ፋብሪካ ያሉ ቦታዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የጤዛ ነጥብ ይፈልጋሉ። ያኔ ነው ይህ ማድረቂያ የሚመጣው።

ማሽኑ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ታንኮች አሉት። ሁለቱም በትንንሽ ነጭ ጠጠሮች የተሞሉ ናቸው፤ ብዙ ጊዜ አክቲቬትድ አሉሚና ነው። አንዷን ጠጠር አንስታችሁ ብታዩ ደረቅና ቀለል ያለች ናት። ውስጧ ግን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። የ1 ግራም ጠጠር የቀዳዳ ግድግዳዎች ቢዘረጉ ከ200 ሜትር ካሬ በላይ ይሸፍናሉ! የውሃ ሞለኪውሎች እዚያ ግድግዳ ላይ እየተለጠፉ ይቀራሉ፣ አየሩ ደርቆ ይወጣል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው ትንሽ የሲሊካ ጄል ከረጢትም ሥራዋ ይኸው ነው።

ጠጠሩ ግን ይጠግባል። ስለዚህ አንዱ ታንክ ሲያደርቅ ሌላው ይታደሳል። መጀመሪያ ግፊቱ ይለቀቃል። ቀጥሎ ከ150 እስከ 200 ዲግሪ የሞቀ አየር ይነፋበታል፤ ሙቀቱ የተለጠፈውን ውሃ ያላቅቀዋል። የሚነፋው በተቃራኒ አቅጣጫ መሆኑ ብልህነት ነው። የታንኩ መውጫ በኩል ያለው ጠጠር ምንጊዜም ደረቁ ነው፤ እርጥበቱን በዚያ በኩል ማሳለፍ እሱን ማበላሸት ይሆናል። ስለዚህ ውሃው በገባበት በር ይባረራል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚነፈገው ደረጃ የሚቀጥለው ነው፤ ማቀዝቀዝ። ትኩስ ጠጠር ውሃ አይዝም። ታንኩ ሳይቀዘቅዝ ወደ ሥራ ከተመለሰ ትኩስና እርጥብ አየር ወደ መስመሩ ይለቃል። የጤዛ ነጥቡ ታንኮቹ በተቀያየሩ ቁጥር ከፍ የሚል ከሆነ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። በመጨረሻ ግፊቱ ቀስ ተብሎ ይመለሳል። በአንዴ ከተለቀቀ ጠጠሮቹ እርስ በርስ ተፋጭተው ዱቄት ይሆናሉ፤ መውጫው ላይ የአቧራ ፊልተር የሚኖረውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ያለ ሙቀት የሚታደሰው ዓይነት ካደረቀው አየር 15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ለማደሻ ያባክናል፤ የታመቀ አየር ደግሞ ውድ ነው። ሂተር ሲጨመር ብክነቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በብሎወር (አየር በሚነፋ ማሽን) የውጭ አየር እየሳበና እያሞቀ የሚጠቀመው ዓይነት ከዚያም ያነሰ ይወስዳል። በምትኩ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ዘይት ግን ለሁሉም ጠላት ነው። ከኮምፕረሰሩ ያመለጠ ዘይት ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል፣ የማደሻው ሙቀትም አያስለቅቀውም። መግቢያው ላይ ያለው የዘይት ፊልተር ጊዜው ካለፈበት የሚቀየረው እሱ ብቻ ሳይሆን የታንኩ ጠጠር በሙሉ ነው።