"አፏን ብትዘጋ እኮ ትቀንሳለች" እና ሌሎች ስለ ውፍረት የምንሰማቸው ስህተቶች

ክብደት ሊቀንሱ ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይመጡም። እህት ወይም ባል አብሮ ይመጣል፣ ወንበር ስቦ ይቀመጥና ታካሚዋ ገና ሳትናገር "አፏን ብትዘጋ እኮ ትቀንሳለች" ይለኛል። ሰለቸኝ።

ትንንሾቹን መጀመሪያ ላራግፍ። "ረሃብ የባዶ ጨጓራ ጉዳይ ነው" ይባላል፤ ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎችም ግን ሊርባቸው ይችላል። "የወፍራም ሰው ሰውነት ካሎሪ አያቃጥልም" የሚባለውም በአብዛኛው ተገላቢጦሽ ነው፤ ትልቅ ሰውነት ቁጭ ብሎም ከትንሹ የበለጠ ያቃጥላል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ የምግብ ፍላጎት ይጨምራል፣ ስለዚህ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ እየነካካችሁ ስለ ዳይት አትጠይቁኝ።

አሁን ወደ "አፏን ብትዘጋ"። ሰው ስብን ዝም ብሎ የተከማቸ ነገር ያደርገዋል። ስብ ግን ከአንጎል ጋር ይነጋገራል። እ.ኤ.አ. በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሜሪካ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የደረሱበት ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን አለ። ከስብ ሴሎች ይወጣና ሃይፖታላመስ ለሚባለው የአንጎል ክፍል ምን ያህል ስንቅ እንዳለ ይነግረዋል። ስትከሱ ሌፕቲን ይወርዳል። አንጎል ደግሞ ለሰርግ ብላችሁ እንደከሳችሁ አያውቅም፣ ችጋር የገባ ነው የሚመስለው። ረሃቡን ይጨምራል፣ የሚቃጠለውን ጉልበት ይቀንሳል። ከጨጓራ የሚመጣው ግሬሊን የሚባል የረሃብ ሆርሞንም ከፍ ይላል።

ይሄ በሳምንት የሚያልፍ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን የክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ በእረፍት ላይ ሆነው የሚያቃጥሉት ለሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ያንስ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው የወጣው። አንዲት ታካሚዬም ብዙ ኪሎ ቀንሳ ስትመጣ ያለችኝ "ከበላሁ በኋላም ስለ ምግብ ነው የማስበው" ነው። ቤተሰቧ ግን "ሰነፍሽ" እያላት ነበር።

አሁንም "ቆራጥነት ነው" የምትሉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተዘገቡትን ሁለት ልጆች እዩ። በዘር ችግር ሌፕቲን ማምረት የማይችሉ፣ ጥጋብ የማያውቁ ልጆች ነበሩ። በኋላ የሌፕቲን መርፌ ተሰጣቸው፣ ረሃቡ በረደ፣ ክብደታቸውም ወረደ። ቆራጥነት ያስተማራቸው የለም።

ይህን ሰምታችሁ ደግሞ የሌፕቲን ክኒን ፍለጋ እንዳትሮጡ! ሌፕቲን ፕሮቲን ነው፣ ብትውጡት ይፈጫል። ደግሞም አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን ሞልቶታል፤ አንጎሉ ነው እንደሚገባው የማይሰማው።

አዲሶቹ እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ መርፌዎች የሚሠሩት ከአንጀት የሚወጣ የጥጋብ ሆርሞንን አስመስለው አንጎል ላይ ነው። ሲቆሙ አብዛኛው ክብደት ይመለሳል። "ታዲያ ምን ዋጋ አለው?" ይሉኛል። የደም ግፊት መድኃኒትም ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል፣ እሱን የሚውጠውን ሰው ግን ማንም ሰነፍ ብሎት አያውቅም። ስለዚህ ዘመዶች፣ ቀጠሮ ላይ አብራችሁ መምጣታችሁ ጥሩ ነው፤ ወሬውን ግን ለታካሚዋ ተዉላት።