ጥሩ ጓደኝነትን ለሕፃናት ማስተማር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወላጅ ልጁን ከትምህርት ቤት ሊወስድ ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ፈተና ውጤቱ ነው፤ ልጁ ግን መንገድ ላይ የሚያወራው ማን እንዳኮረፈው፣ ማን ብዩን እንደወሰደበትና ምሳ ሰዓት ላይ ማን አጠገቡ እንደተቀመጠ ነው። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች መካከል ለዓመታት ስሠራ፣ ልጆች ይህን ያህል የሚያስቡለትን ጉዳይ እኛ አዋቂዎች በአንድ ምክር ልናልፈው ስንሞክር ደጋግሜ አይቻለሁ። ምክሮቻችን ከአሳዳጊዎቻችን የተቀበልናቸው ናቸው፤ የሚጠቅሙ አሉባቸው፣ መታረም ያለባቸውም አሉ።

አመለካከት፦ «ጓደኝነት በራሱ ይመጣል፤ ትምህርት አያስፈልገውም።»

እውነታው፦ የልጆች የጓደኝነት ግንዛቤ ደረጃ በደረጃ የሚያድግ መሆኑን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ሴልማን በሰፊው አጥንቷል። ለትንንሾቹ ጓደኛ ማለት አሁን አብሮኝ የሚጫወት ነው፤ ቀጥሎ እኔ የምፈልገውን የሚያደርግልኝ ይሆናል፤ ሰጥቶ መቀበልና መተማመን የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ የአንደኛ ክፍል ተማሪ «ላጲስ ስለከለከለችኝ ጓደኛዬ አይደለችም» ቢል፣ ክፋት ሳይሆን የዕድሜው አስተሳሰብ ነው። መገሠጽ ሳይሆን «ለምን የከለከለችህ ይመስልሃል?» ተብሎ መጠየቅ ያስፈልገዋል፤ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ሲደጋገም ልጁ ነገሩን በሌላው ቦታ ሆኖ ማየትን ይለምዳል።

አመለካከት፦ «ሲጣሉ ይቅርታ ይባባሉና ይሳሳሙ፤ ነገሩ ያልቃል።»

እውነታው፦ ከሁሉም ይበልጥ ሥር የሰደደው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፍበታለሁ። ሁለት የሁለተኛ ክፍል ልጃገረዶች ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ አንደኛዋ «መስመር ረግጠሻል፣ ውጪ» ትላለች፤ ሌላኛዋ «አልረገጥኩም» ብላ ጠጠሩን አንሥታ ከአጥር ውጭ ትወረውራለች። የዕለቱ ተረኛ አስተማሪ እኔ ነበርኩና እንደ ልማዴ «በሉ ይቅርታ ተባባሉ፣ ተሳሳሙ» አልኳቸው። ጠጠር የወረወረችው ጉንጯን ሰጠች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነበር፣ እጇም እንደ ተጨበጠ። ደወል ተደውሎ ሲሰለፉ እንደገና ተጋፉ። ሊያስገርመኝ አይገባም ነበር፤ መስመሩ ተረግጧል ወይስ አልተረገጠም የሚለውን ማንም አልጠየቃቸውም፤ የተወረወረውንም ጠጠር ማንም አልፈለገውም።

ይህን ለመረዳት ከራሳችን ባህል ውጭ መሄድ አያስፈልግም። የአገራችን ሽምግልና ከሳሽና ተከሳሽን በየተራ ሳይሰማ፣ በዳይ በደሉን ሳያምንና ካሳ ሳይቆረጥ እርቅ አያወርድም፤ ለሕፃናት ስንደርስ ግን የመጀመሪያዎቹን ሁሉ ዘለን የመጨረሻውን ብቻ እናዛቸዋለን። ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ፦ አንደኛዋ እስክትጨርስ ሌላዋ አታቋርጥም፤ ከዚያ ሌላዋ ትናገራለች፤ ቀጥሎ እያንዳንዷ ጓደኛዋ ያለችውን በራሷ አንደበት ትደግማለች። በመጨረሻ «ምን ቢደረግ ይስተካከላል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብረው ወጥተው ጠጠሩን መፈለግ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩን በጠመኔ አድምቆ መሥራት ሊሆን ይችላል። የተናደደ ልጅ ጊዜ ከፈለገም ይሰጠዋል። ይቅርታው ከሰዓት በኋላ ወይም በማግስቱ ቢመጣ፣ የመጣው ከልብ ነውና ይበልጣል።

አመለካከት፦ «ጥሩ ጓደኛ ያለውን ሁሉ ያካፍላል።»

እውነታው፦ ማካፈል ታላቅ ምግባር ነው፤ ነገር ግን ከዕድሜ ጋር የሚበስል ነው። ኤርንስት ፌርና ባልደረቦቹ በስዊዘርላንድ ልጆች ላይ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጆች በአብዛኛው ለራሳቸው ሲያደሉ፣ በ7 እና በ8 ዓመታቸው ግን እኩል መከፋፈልን የሚመርጡት በጣም በዝተው ተገኝተዋል። ስለዚህ ከሰባት ዓመት ልጅ ብዙ መጠበቅ እንችላለን። መጠበቅ የሌለብን «አይ» የማለት መብቱን እንዲተው ነው።

በእኛ ትምህርት ቤቶች ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው የምሳ ዕቃ ሲከፈት ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት አንዷ ሽሮ ወጥ ቋጥራ ትመጣለች፣ አጠገቧ ያለው እንቁላል በዳቦ ይዟል፤ በፍስክ ቀን ደግሞ አንዱ የእስላም ሥጋ፣ ሌላው የክርስቲያን ሥጋ ይዞ ይቀመጣል። «ጓደኛ ከሆንሽ ብዪልኝ» ብሎ ጉርሻ ይዞ የሚጠብቅ ልጅ ፍቅሩን እየገለጸ ነው፤ የማትበላዋም ልጅ ጓደኛዋን እየናቀች አይደለም። ሁለቱም ይህን እንዲያውቁ ማድረግ የአስተማሪ ሥራ ነው። «ይህን አልበላም፣ አጠገብህ ግን እቀመጣለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ልጆቹን በቃል አስጠንቻቸዋለሁ፤ ከተረት መጽሐፍ ሁሉ በላይ እርሱ ሲጠቅማቸው አይቻለሁ።

አመለካከት፦ «ለአስተማሪ የሚናገር ልጅ አሳባቂ ነው።»

እውነታው፦ ማሳበቅ ሌላውን ለማስቀጣት መናገር ነው፤ አንድ ልጅ ሲመታ ወይም ሲገለል አይቶ መናገር ግን ሌላውን ለማዳን ነው። ልዩነቱን ልጆች በቀላሉ ይረዳሉ፤ የሚያደናግራቸው ለሁለቱም አንድ ስም የምንሰጠው እኛ ነን። የተመልካች ልጅ ድርሻ ደግሞ ከምናስበው በላይ ነው፦ በካናዳ የትምህርት ቤት ግቢዎችን በካሜራ የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳስነበቡት፣ ሌላ ልጅ ጣልቃ ከገባባቸው አጋጣሚዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ጥቃቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆሟል። የሚፈራ ልጅ ደፍሮ ባይናገር እንኳ፣ የተገለለውን «ና፣ ከእኛ ጋር ተጫወት» ብሎ እጁን መያዝ ይችላል።

አመለካከት፦ «ብዙ ጓደኛ የሌለው ልጅ ችግር አለበት።»

እውነታው፦ አንድ የሚተማመኑበት ጓደኛ ለብዙ ልጆች ይበቃል። የሚያሳስበው ዝምታ ሳይሆን፣ ልጁ መጫወት እየፈለገ የሚቀበለው ሲያጣ ነው።

አመለካከት፦ «ከጎበዝ ልጅ ጋር ብቻ ግጠም።»

እውነታው፦ ከአህያ ጋር ስለ ዋለችው ጊደር የሚናገረውን ተረት የማያውቅ ወላጅ የለም፤ ስጋቱም ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን «ከእሱ ጋር እንዳትውል» የሚባልበት ልጅ ብዙውን ጊዜ በትምህርቱ የዘገየ፣ ልብሱ ያረጀ ወይም ቋንቋው ከሌሎቹ የተለየ ከመሆኑ በቀር ጥፋት የለበትም፤ ማንም ሳይነግረውም እንደሚሸሹት ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ በኦስቲን ከተማ፣ ጥቁርና ነጭ ልጆች በአንድ ክፍል መማር ጀምረው ጠብ ሲበረታ፣ ኤሊየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር ትምህርቱን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ክፍል ብቻ ሰጠ። ሁሉንም ለማወቅ ሁሉንም ማዳመጥ ግድ ሆነ፤ ልጆቹም ከቀድሞው ይልቅ መዋደድ ጀመሩ። እኛ አገር በለመድነው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ግን ጎበዙ ይመራል፣ የተቀሩት ይከተላሉ፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

እኔም በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ስለ ጤፍ የሚናገረውን ገጽ በአምስት ቆርጬ አከፋፈልኩ፤ ስለ አጨዳና ውቂያ የሚናገረው ቁራጭ ማንም አብሮት መቀመጥ የማይፈልገው፣ ከገጠር በቅርቡ የመጣው ልጅ ጋር ደረሰ። ወረቀቱን በጭንቅ አነበበ፤ ከዚያ ወረቀቱን አስቀምጦ በሬዎቹ አውድማው ላይ እንዴት እንደሚዞሩ በእጁ ጠረጴዛው ላይ እያዞረ አሳያቸው። ደወሉ ሲደወል አራቱ ከቦታቸው አልተነሡም፤ «ከዚያስ?» እያሉ ይጠይቁት ነበር።